ሾን ኦኬሲ፤ ከደብሊን ድኾች ሰፈር የተነሣው ደራሲ

ሊሙ ገነት ተወልዶ ያደገ ሰው የክረምትን ወራት የሚያውቃቸው በዝናባቸው ብቻ አይደለም። ሐምሌና ነሐሴ፥ ቡናው ገና በዛፉ ላይ አረንጓዴ ሳለ፥ የቤቱ ገንዘብ የሚያልቅባቸው ወራት ናቸው። ያን ጊዜ ጥቂት የቡና ዛፍ ያለው ሰው ወደ ነጋዴው ዘንድ ይሄድና ገና ያልቀላውን ፍሬ በርካሽ ዋጋ አስቀድሞ ይሸጠዋል፤ ዛፍ የሌለውም ለመጪው ለቀማ ጉልበቱን አስይዞ ይበደራል። ከዚያ በኋላ ጥቅምት እስኪጠባ ድረስ ቤተ ሰቡ በእጁ ባልገባ ገንዘብ ተስፋ ይኖራል። ፍሬው ቢረግፍ ወይም ዋጋው ቢወድቅ ዕዳው አይረግፍም፤ አይወድቅምም።

ቡናን ያነሣሁት ወደ አንድ የባዕድ አገር ደራሲ ለመሻገር ነው። ስሙ ሾን ኦኬሲ ይባላል፤ አየርላንዳዊ ነው፤ የቡና ዛፍ በዐይኑ አይቶ የሚያውቅም አይመስለኝም። ይሁን እንጂ ገና ባልተጨበጠ ገንዘብ ላይ ኑሮውን ስላቆመ አንድ የድኻ ሠራተኛ ቤተ ሰብ የጻፈው ተውኔት፥ በአገሬ ሰው ፊት ሲታይ እንደ ባዕድ ነገር አልተቈጠረም። ስለ ተውኔቱ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ፤ አስቀድሞ ስለ ሰውዬው ሕይወት ጥቂት ልናገር። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በኤውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ያስታውስልኝ።

ኦኬሲ ማርች 30 ቀን 1880 በደብሊን ከተማ ተወለደ። ወላጆቹ ያወጡለት ስም ጆን ኬሲ ነው። የከተማው ሕዝብ አብዛኛው ካቶሊክ ሲሆን የኬሲ ቤተ ሰብ ግን ፕሮቴስታንት ነበረ። አባቱ በአንድ የሃይማኖት ማኅበር ጽሕፈት ቤት ጸሓፊ ሆኖ የሚሠራ፥ መጽሐፍ የሚወድ ሰው ነበር። ከተወለዱት ልጆች ብዙዎቹ በሕፃንነታቸው ሲሞቱ ያደጉት አምስት ብቻ ናቸው፤ የመጨረሻውም እሱ ነው። በ1886 አባቱ ሲሞት ሕፃኑ ስድስት ዓመቱ ነበር። ከዚያ በኋላ ቤተ ሰቡ ደረጃ በደረጃ ወደ ታች ወረደ፤ ከደኅና ቤት ወደ ጠባብ ቤት፥ ከጠባቡም ወደ ባሰው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልሸሽግ መናገር አለብኝ። ኦኬሲ በስተርጅናው ስለ ልጅነቱ በጻፋቸው መጻሕፍት የድኽነቱን ሥዕል ከነበረው ይልቅ እንዳጠቈረው በኋላ የመረመሩት ሰዎች ይናገራሉ። አባቱ ደመወዝተኛ ጸሓፊ ነበረና ከሥር ጀምሮ የመጨረሻዎቹ ድኾች አልነበሩም። እኔ ግን ይህ ነገር ክብሩን የሚቀንስ ሆኖ አይታየኝም። ድኻ ሆኖ የተወለደ ሰው ድኽነትን እንደ አየር ጠባይ ይለምደው ይሆናል፤ ከላይ ወደ ታች የወረደ ሰው ግን እያንዳንዱን ደረጃ ቈጥሮ ያውቀዋል። የኦኬሲ ተውኔቶችም የሚናገሩት ስለ መውረድ ነው።

ሕፃን ሳለ ዐይኑን ታመመ። ሕመሙ እኛ አገር በደንብ የምናውቀው ትራኮማ ነው፤ ዝንብና የውሃ እጦት ባሉበት የገጠር መንደር ሁሉ የስንቱን እናት ሽፋሽፍት ወደ ውስጥ እንዳጠፈ የማያውቅ ተማሪ በመካከላችን የለም። በዚህ ምክንያት ትምህርት ቤት የዋለው በጥቂቱ ነው። ዐይኑ ታስሮ በጨለማ ጥግ ተቀምጦ የዋለባቸው ቀኖች ብዙ ናቸው። እናቱ ሱዛን ሐኪም ቤት ታመላልሰው ነበር። ማንበብ በደንብ የቻለው ወደ ዐሥራ አራት ዓመቱ ሲጠጋ፥ ያውም አብዛኛውን በራሱ ጥረት ነው። ዕድሜውን ሙሉ መጽሐፉን ከአፍንጫው ሥር አስጠግቶ አነበበ፤ በመጨረሻም ለመታወር ጥቂት ቀረው። ሼክስፒርን የተማረው እንዲህ ሆኖ ነው። ከወንድሙ ጋር ሆኖ የተውኔት ክፍሎችን ቤት ውስጥ ይጫወቱ ነበር፤ በሠፈራቸው በነበረ አንድ ትንሽ ቲያትር ቤትም በቡሲኮ ተውኔት ውስጥ ወጥቶ ተጫውቷል። ያ ሕንጻ በኋላ አቢ ቲያትር ሆኖ የእሱን ስም ለዓለም ያሰማ ሥፍራ መሆኑ የሚገርም ነው።

በዐሥራ አራት ዓመቱ ግድም ሥራ ጀመረ። በአንድ የጋዜጣ ማከፋፈያ ድርጅት ተቀጥሮ ሳለ፥ ደመወዙን ሊቀበል ሲቀርብ ባርኔጣውን ስላላወለቀ መባረሩን ራሱ ተርኳል። ነገሩ ትንሽ ይመስላል፤ ሰውዬውን ለማወቅ ግን ይበቃል። ከዚያ በኋላ በምድር ባቡር መሥሪያ ቤት አካፋና ዶማ ይዞ ዘጠኝ ዓመት ያህል ሠራ። ቀን ሲቈፍር ውሎ ማታ የአየርላንድን ጥንታዊ ቋንቋ ይማር፥ ያስተምርም ነበር። ስሙንም ያን ጊዜ ነው በቋንቋው ሥርዐት ሾን ብሎ የለወጠው። የአገሩን ነጻነት ከሚሹት የምስጢር ማኅበርተኞች ጋርም ገባ።

ነገር ግን የልቡን ሚዛን ያዘነበለው የ1913 ዓመት ነው። የደብሊን ድኾች በዚያ ዘመን ይኖሩ የነበሩት ቀድሞ የመኳንንት መኖሪያ በነበሩ፥ በኋላ ግን ተከፋፍለው ለድኻ በተከራዩ ትልልቅ አሮጌ ቤቶች ነው። ከ20,000 የሚበልጥ ቤተ ሰብ እያንዳንዱ በአንድ ክፍል ብቻ ይኖር እንደ ነበረ የመንግሥት መርማሪዎች መዝግበዋል። በሴፕቴምበር 1913 ቸርች ስትሪት በሚባለው መንገድ ሁለት እንዲህ ያሉ ቤቶች ተደርምሰው ሰባት ሰዎች ሞቱ። በዚያው ሰሞን አሠሪዎች ተባብረው፥ የጂም ላርኪን የሠራተኛ ማኅበር አባል አልሆንም ብሎ የማይፈርም ሠራተኛ ሁሉ ከሥራ እንዲዘጋበት አደረጉ። 20,000 ያህል ሠራተኛ ከሥራ ውጭ ሆነ። ኦኬሲ ለሴቶችና ለልጆች ርዳታ ለሚሰበሰበው ገንዘብ ጸሓፊ ሆኖ አገለገለ። ክረምቱ ሲገፋ ግን ረኀብ አሸነፈና በ1914 መጀመሪያ ሠራተኛው አንገቱን ደፍቶ ወደ ሥራው ተመለሰ።

ሠራተኛው ከፖሊስ ዱላ ራሱን እንዲከላከልበት የዜጎች ጦር የሚባል ድርጅት ተቋቁሞ ነበር፤ የመተዳደሪያ ደንቡን ያረቀቀውና በ1914 ጸሓፊ የሆነው ኦኬሲ ነው። በዚያው ዓመት ግን ተጣልቶ ወጣ። የጠቡ ምክንያት ዛሬም በተማሪዎች መካከል ሲያከራክረን የሚያድር ጥያቄ ነው፤ ይኸውም፦ ባንዲራው ይቅደም ወይስ እንጀራው? ሠራተኛው ከብሔርተኞቹ ጋር አንድ ላይ ቢሰለፍ የራሱ ጉዳይ ይዋጣል ብሎ ያምን ነበር። በ1916 በትንሣኤ ሰሞን ወዳጆቹ በእንግሊዝ መንግሥት ላይ ጠመንጃ አንሥተው ሲወጡ እሱ አልወጣም። የሠራተኛው መሪ ጄምስ ኮኖሊ ተማርኮ ተረሸነ። ኦኬሲ የሞቱትን አልናቀም፤ ነገር ግን የሞቱለት ነገር የድኻውን ቤት ኪራይ ይቀንሳል ብሎ አላመነም። ለዚህም ብዙ ሰው ዕድሜውን ሙሉ ይቅር አላለውም።

በ1918 እናቱ ሞተች። በትንሽ ገቢ ቤት ያቆመች፥ መስኮቷ ላይ አበባ የምትተክል ሴት ነበረች። ከመጀመሪያው መጽሐፉ ያገኘው 15 ፓውንድ ለቀብሯ ወጪ መዋሉን ተርኳል። ከእሷ ሞት በኋላ በተከራየው አንድ ክፍል ውስጥ ብቻውን ተቀምጦ፥ ቀን ሲሚንቶ እያቦካ ማታ ተውኔት ይጽፍ ጀመር። አቢ ቲያትር የላከላቸውን ተውኔቶች ተራ በተራ መለሰበት። ከቲያትር ቤቱ መሪዎች አንዷ የነበሩት ሌዲ ግሬጎሪ ግን ዕድሜያቸው ሰባ ያለፈ ወይዘሮ ሲሆኑ፥ በወደቁት ጽሑፎቹ ውስጥ ሕያው ሰው እንዳለ አይተው ኃይሉ ሰውን በመሳል ላይ መሆኑን ነገሩት። ምክሩን ሰማ። በ1923 ኤፕሪል «የጠመንጃ ያዡ ጥላ» የተባለው ተውኔቱ ታየ። ያን ጊዜ ዕድሜው 43 ዓመት ነበር። በሃያ ሁለት ዓመታችን መጽሐፍ አላሳተምንም ብለን የምናዝን ሁሉ ይህን ቍጥር ልብ ብንለው ደግ ነው።

ማርች 3 ቀን 1924 «ጁኖና ጣዎሱ» ታየ። በሮማውያን ተረት ጁኖ የአማልክት ንግሥት ስትሆን ጣዎስ ወፏ ነው። በተውኔቱ ውስጥ ግን ጁኖ በደብሊን ድኾች ሰፈር የምትኖር፥ ቤቱን በጉልበቷ የምታስተዳድር ሚስት ናት፤ ጣዎሱም ባሏ ጃክ ቦይል ነው። ቦይል በባሕር ላይ ከነበረ ትንሽ ጊዜ ተነሥቶ ራሱን ሻምበል አስብሎ፥ ደረቱን ነፍቶ በመጠጥ ቤት ይውላል። ሥራ ተገኘ በተባለ ቍጥር እግሩን ያመዋል። ጆክሰር የሚባል አጫፋሪ ጓደኛ አለው። ሴት ልጃቸው ሜሪ በሥራ ማቆም አድማ ላይ ናት፤ መጽሐፍ ታነባለች፤ ከዚያ ቤት መውጣት ትሻለች። ወንዱ ልጅ ጆኒ በውጊያ አንድ ክንዱን ያጣ ሲሆን፥ የሚፈራው ነገር ስላለ ከምድጃው አጠገብ አይርቅም፤ የጎረቤታቸውን ልጅ፥ የትግል ጓደኛውን፥ አሳልፎ ሰጥቷልና።

አንድ ቀን ቤንታም የተባለ ወጣት የውርስ ዜና ይዞ ይመጣል። የሞተ ዘመዳቸው ትልቅ ገንዘብ ትቶላቸዋል። ገንዘቡ ገና አልመጣም፤ ነገር ግን ወሬው በቅቶ ቤቱ ይለወጣል። አዲስ ወንበር፥ አዲስ ምንጣፍ፥ ግራሞፎን ሳይቀር በዱቤ ይገባል። ጎረቤቱ ያበድራል፤ ልብስ ሰፊው ያበድራል። ቦይል ስለ አክሲዮን ያወራል። በዘፈኑ መካከል በደረጃው ላይ የልቅሶ ድምፅ ይሰማል፤ የተገደለው የጎረቤት ልጅ እናት ናት፤ ልጇን ለመቅበር እየወረደች ነው። እነሱ ለጊዜው ዝም ይሉና እንደ ገና ይዘፍናሉ። ተውኔቱን ታላቅ ያደረገው ለእኔ ይህ ሥፍራ ነው፤ ደራሲው አንድም ሰው አይወቅስበትም።

በሦስተኛው ክፍል ሁሉ ነገር ይናዳል። ቤንታም የኑዛዜውን ቃል በስሕተት ስለ ጻፈው፥ የወራሾቹ ስም ተለይቶ ባለመገለጹ ዘመድ ነኝ ባዩ ሁሉ ተነሥቶ ገንዘቡን ክርክር ይበላዋል። ቤንታምም ሜሪን አስረግዞ ወደ እንግሊዝ ይጠፋል። ይወዳት የነበረው የሠራተኛ ማኅበር ሰው፥ ስለ ሰው ልጆች ወንድማማችነት ብዙ ይናገር የነበረው፥ እርጉዝ መሆኗን ሲሰማ ፊቱን ያዞራል። የዱቤው ዕቃ ከቤት ይወጣል። ጆኒን ጓደኞቹ መጥተው ይወስዱትና ይገድሉታል። ጁኖ ልጇን ለመቅበር ስትሰናዳ ያቺ የጎረቤት እናት ትዝ ትላታለች፤ ያን ጊዜ በደንብ ሳላዝንላት ቀርቻለሁ ብላ ትጸጸታለች። ከዚያ ሜሪን ይዛ ባሏን ትታ ትሄዳለች። ባዶው ቤት ውስጥ ሰክረው የሚገቡት ቦይልና ጆክሰር ናቸው፤ ማን እንደ ሞተ፥ ማን እንደ ሄደም አያውቁም።

ባለፈው ክረምት ለዕረፍት አገራችን የገባን ጥቂት ተማሪዎች ይህን ተውኔት ወደ አማርኛ አዛውረን በሊሙ ገነት በአንድ የትምህርት ቤት አዳራሽ አሳይተነው ነበር። ስሞቹን ለወጥን፤ ውርሱን የቡና ሽያጭ አደረግነው። ዕቃ መግዣ ስላልነበረን በዱቤ ገባ የሚባለውን ወንበርና ጠረጴዛ ሁሉ ከየቤቱ ተዋስን። በመጀመሪያው ክፍል ሻምበሉ እግሬን አለ ባለ ቍጥር አዳራሹ በሣቅ ይናወጥ ነበር፤ አንዳንዱም ይህ እገሌ ነው እያለ የጎረቤቱን ስም ይጠራ ነበር። ዕቃው ሊወሰድ ሰዎች ሲገቡ ግን ሣቁ ቆመ። ወንበራቸውን ያዋሱን አንዲት እናት ከመቀመጫቸው ተነሥተው፥ ልጆቹ ዕዳውን ከየት አምጥተው ይከፍላሉ ብለው ጮክ ብለው ጠየቁ። የሚመልስላቸው አልነበረም። ተዋናዩም ወንበሩን ይዞ መውጣት አቃተው፤ ጥቂት ቆሞ ቀስ ብሎ መሬት ላይ አስቀመጠው። በልምምድ ጊዜ ያላሰብነው ነገር ነው፤ እኔ ከመጋረጃው በስተጀርባ ሆኜ ተቈጥቼ ነበር፤ ዛሬ ሳስበው ግን ከመላው ተውኔታችን የተሻለው ደቂቃ እሱ ነበር። በማግሥቱ ወንበሩን ስንመልስ፥ ትናንት የልጅቱ ነገር እንዴት ሆነ ብለው የጠየቁን ስለ ሜሪ ነው።

ወደ ደብሊን እንመለስ። «ጁኖና ጣዎሱ» ከተለመደው አንድ ሳምንት አልፎ ለሁለተኛ ሳምንት ታየ፤ ይህም በአቢ ቲያትር ያልተለመደ ነገር ነበር። ኦኬሲ አካፋውን የጣለው ከዚህ በኋላ ነው። በ1926 ፌብሩዋሪ ደግሞ ስለ 1916 ዐመፅ የጻፈው «ማረሻውና ከዋክብቱ» ቀረበ። በዚህ ተውኔት ውስጥ ጀግኖቹ በሩቅ ንግግር ሲያደርጉ ይሰማሉ፤ መድረኩን የያዙት ግን ድኾቹ ናቸው፤ ይፈራሉ፥ ይጠጣሉ፥ የተሰበረ ሱቅ ይዘርፋሉ፥ ይረዳዳሉም። የዐመፁ ባንዲራ አንዲት ሴተኛ አዳሪ ካለችበት መጠጥ ቤት መግባቱ ሕዝቡን አስቈጣ፤ በአራተኛው ቀን ተመልካቹ ወደ መድረክ ወጥቶ ረብሻ ሆነ። ባለቅኔው ዬትስ ወጥቶ ሕዝቡን ገሠጸ። ከተቃዋሚዎቹ መካከል በዐመፁ ልጆቻቸውንና ባሎቻቸውን ያጡ ሴቶች እንደ ነበሩበት መርሳት አይገባም፤ እነሱም እውነት ነበራቸው። የጁኖን ልብ የሚያውቀው ደራሲ ይህን ሳይረዳው የቀረ አይመስለኝም።

በዚያው ዓመት «ጁኖና ጣዎሱ» ሆውቶርንደን የተባለውን ሽልማት ስላገኘ ለመቀበል ወደ ለንደን ሄደ፤ እዚያው ቀረ። በ1927 አይሊን ኬሪ የምትባል ተዋናይ አገባና ሦስት ልጆች ወለዱ። በ1928 «የብሩ ዋንጫ» የተባለውን ስለ አንደኛው የዓለም ጦርነት የጻፈውን ተውኔት አቢ ቲያትር አልቀበልም አለ፤ የመለሰበትም ያው በረብሻው ቀን የቆመለት ዬትስ ነው። ጠቡ መረረ፤ ኦኬሲ ከአገሩ ጋር እንደ ተጣላ ቀረ። ከዚያ በኋላ የጻፋቸው ተውኔቶች በዘፈንና በምሳሌ የተሞሉ ናቸው፤ ሊቃውንት ያደንቋቸዋል። እኔ ግን የሰፈሩን ሰዎች ድምፅ በጆሮው መስማት ካቆመ በኋላ ሰዎቹ እንደ ቀድሞው ሥጋ ለብሰው አልታዩኝም።

ሌላም ነቀፌታ አለኝ። ለሠራተኛው ካለው ፍቅር የተነሣ ሶቪየት ኅብረትን እስከ መጨረሻው ደገፈ፤ እዚያ ስለ ታሰሩትና ስለ ተገደሉት ሰዎች እየታወቀ ሲመጣም ዐይኑን አልገለጠም። ለአገሩ ጀግኖች ጥርጣሬን ያልነፈገ ሰው ለሩቅ አገር መሪዎች ግን ነፈገ። ሆኖም ለራሱ ያተረፈው ነገር የለም። ከ1938 ጀምሮ በዴቨን ገጠር በመጠነኛ ኑሮ ኖረ፤ ከ1939 እስከ 1954 የሕይወት ታሪኩን በስድስት መጻሕፍት አወጣ፤ የክብር ዲግሪና የመንግሥት ሹመት ሲቀርብለት አልፈልግም አለ።

ወደ እኛ አገር የሚያደርስ አንድ ቀጭን ክርም አለ። በ1959 የለንደኑ ሮያል ኮርት ቲያትር ከኋለኛዎቹ የኦኬሲ ተውኔቶች አንዱን አሳይቶ ነበር። በዚያው ዘመን ግድም ጸጋዬ ገብረ መድኅን የቲያትርን ሙያ ሊማር ወደ ኤውሮፓ ሲሄድ ከተማረባቸው ሥፍራዎች አንዱ ይህ ቲያትር ቤት ነው። ከነገሥታትና ከመኳንንት ታሪክ ጎን ለጎን የአዲስ አበባን ድኻ ኑሮና ቋንቋ ወደ መድረክ ካወጡት ደራስያን ፊተኛው ጸጋዬ እንደ ሆነ፥ በኋላም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቲያትር ትምህርት እንዲመሠረት እንደ ደከመ የታወቀ ነው። አንዱ ከሌላው ምን ወሰደ የሚለውን ለቲያትር ተማሪዎች እተወዋለሁ።

የኦኬሲ የመጨረሻ ዓመታት የኀዘን ናቸው። ኒያል የተባለው ልጁ በሃያዎቹ ዕድሜ መጀመሪያ በደም ካንሰር ሞተበት፤ እንደ ጁኖ እሱም ልጁን ቀበረ። በ1958 የደብሊን የቲያትር በዓል አዲሱን ተውኔቱን ሊያሳይ ካሰበ በኋላ፥ ሊቀ ጳጳሱ በዓሉን ባለመደገፋቸው ነገሩ ተሰናከለ። ኦኬሲም ተቈጥቶ ተውኔቶቹ በአየርላንድ ሙያተኞች እንዳይታዩ ከለከለ። ክልከላውን ያነሣው በ1964 ነው። በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር 18 ቀን ቶርኪ በምትባል የእንግሊዝ የባሕር ዳር ከተማ በ84 ዓመቱ ሞተ፤ አስከሬኑም በለንደን ተቃጠለ።